ቪክቶር ቫዛሬሊና ዓይን የሚያታልሉ ሥዕሎቹ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ታትሞ ሳለ መሃሉ ተነፍቶ ወደ እናንተ የሚመጣ የሚመስል ሥዕል አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ይህን ጥበብ ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ቪክቶር ቫዛሬሊ ነው። ብዙ ጊዜ ግን "ዓይን የሚያታልለው ሰውዬ" ተብሎ ብቻ ይታለፋል። ይህ ልክ አይመስለኝም። ማታለሉ ከየት እንደመጣና ምን እንዲያደርግለት እንደፈለገ ስናውቅ ነው ሥራው የሚጥመን። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቫዛሬሊ ማን ነው?

ሃንጋሪ ተወልዶ አብዛኛውን ዕድሜውን ፈረንሳይ የኖረ የግራፊክ አርቲስትና ሠዓሊ ነው። የተወለደው በ1906 በደቡብ ሃንጋሪ በምትገኘው በፔች ከተማ ነው። የትውልድ ስሙ ቫሻርሄዪ ጂዮዞ ነው። ፓሪስ ከገባ በኋላ ነው ዓለም በሚያውቀው ስም መጠራት የጀመረው። በ1997 ፓሪስ ውስጥ በ90 ዓመቱ አረፈ።

ሕክምና ተምሯል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ግን አልጨረሰም። በ1925 ቡዳፔስት ውስጥ ሕክምና ጀመረ። ሁለት ዓመት ያህል ተምሮ ተወውና ሥዕል ትምህርት ቤት ገባ። የሳይንስ ፍቅሩ ግን አብሮት ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ስለ ፊዚክስና ስለ ጠፈር ሲያነብ ኖሯል። የብዙ ሥራዎቹን ስም ያወጣውም ከከዋክብት ነው።

ባውሃውስ ነው የተማረው?

አይደለም። ይህ ስህተት በየቦታው ተጽፎ ይገኛል። ባውሃውስ ጀርመን ውስጥ የነበረው ዝነኛ የዲዛይን ትምህርት ቤት ነው፣ ቫዛሬሊ እዚያ አልተማረም። የተማረው ቡዳፔስት በሚገኝ "ሙሄይ" በሚባል ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ነው። መሥራቹ ሻንዶር ቦርትኒክ ግን ባውሃውስ በነበረባት በጀርመኗ ቫይማር ከተማ ኖሮ የባውሃውስን ሰዎችና ሐሳባቸውን በቅርብ ያወቀ ሰው ነበር። በ1928 ትምህርት ቤቱን ሲከፍት ያንን መንፈስ ይዞ ገባ። ስለዚህ "የቡዳፔስት ባውሃውስ" ይሉታል።

እዚያ የሚሰጠው ትምህርት ለኑሮ የሚሆን ነበር። ፖስተር፣ የማስታወቂያ ሥራ፣ የፊደል አጣጣል፣ የቀለምና የቅርጽ ልምምድ። ተማሪው መጀመሪያ የሚጠየቀው መንገደኛው ሳይቆም አንድን ነገር እንዴት እንዲያይ እንደሚያደርግ ነው። በእኔ እምነት የቫዛሬሊ ቀሪ ሕይወት በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

ፓሪስ ሲሄድ ሠዓሊ ሆኖ ነው?

ማስታወቂያ ሠሪ ሆኖ ነው። በ1930 ፓሪስ ገባ። የሙሄይ ተማሪ የነበረችው ክሌር ሽፒነር ተከተለችውና ተጋቡ። አንድሬና ዣን-ፒየር የሚባሉ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ክሌርም የጥበብ ሰው ነበረች፣ የራሷን ሥራ ግን ለቤተሰቡ ስትል ተወችው። ስለ ቫዛሬሊ ሲጻፍ ይህ ነገር በአንድ መስመር መታለፉ ያሳዝነኛል።

ቫዛሬሊ ሃቫስንና ድራጌርን ለመሳሰሉ የማስታወቂያና የሕትመት ድርጅቶች ሠርቷል። ለመድኃኒት አምራቾችም ፖስተርና ማስታወቂያ ይሠራ ነበር። ሥራው ጥሩ ገቢ ነበረው። ከዚያ በላይ ግን ትምህርት ነበር። ማተሚያ ቤት ቀለም እንዴት እንደሚቀበል፣ አንድ ቅርጽ አንሶ ሲታተም ምን እንደሚሆን፣ ጥቁርና ነጭ ብቻውን ምን ያህል ጉልበት እንዳለው እየሠራ አየው።

ማታ ማታ ደግሞ ለራሱ ይለማመድ ነበር። ቡዳፔስት እንደተማረበት ያለ ትምህርት ቤት ፓሪስ ውስጥ የመክፈት ሐሳብ ነበረው። ለማስተማሪያ ይሆናሉ ያላቸውን ጥናቶች ሰበሰበ። ብርሃንና ጥላ፣ ሸንተረር፣ የዳማ ገበታ፣ የነገሮች ገጽ። ትምህርት ቤቱ አልተከፈተም። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ የምናያቸው ብዙዎቹ የ1930ዎቹ ሥራዎች ግን ከዚያ ልምምድ የተወለዱ ናቸው።

የሜዳ አህዮቹ ሥዕል ለምን ይህን ያህል ይጠቀሳል?

ኦፕ አርት የሚባለው፣ ዓይን በሚያታልሉ ቅርጾች የሚሠራው ጥበብ፣ ስም ሳያገኝ እዚያ ውስጥ ስለተጀመረ ነው። ቫዛሬሊ የሜዳ አህዮችን በ1930ዎቹ መጨረሻ ደጋግሞ ሥሏል። በጣም የታወቀው የ1937ቱ ነው።

ሥዕሉን ጠጋ ብላችሁ እዩት። የእንስሳቱን አካል የሚከብብ መስመር የለም። ያለው ጥቁርና ነጭ ሸንተረር ብቻ ነው። ሆዱ ጋ ሲደርስ ሸንተረሩ ይለጠጣል፣ አንገት ላይ ይታጠፋል። ሸንተረሩ አቅጣጫ በሚቀይርበት ቦታ ዓይናችን "እዚህ አንዱ አለቀ፣ ሌላው ጀመረ" ይላል። ጨለማው የእንስሳው ይሁን የመደቡ በእርግጠኝነት መለየት ያስቸግራል። ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ የሣለው አርለኪን የሚባለው የቲያትር ገጸ ባሕርይም እንዲሁ ነው። ሰውየው የሚታየው የልብሱ ቼክ በሚጣመምበት ቦታ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጡት የተነፉ ኳሶች እዚህ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ታዲያ ሙሉ በሙሉ ሠዓሊ የሆነው መቼ ነው?

በ1944 ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት ዴኒዝ ሬኔ የምትባል ወጣት ፓሪስ ላ ቦኤሲ መንገድ ላይ ጋለሪ ከፈተች። የመጀመሪያው ዐውደ ርእይ የቫዛሬሊ የግራፊክ ሥራዎች ነበሩ። ይህች ሴት በኋላ በአውሮፓ የጂኦሜትሪ አብስትራክት ጥበብ፣ ማለትም ነገርን ሳይመስል በቅርጽና በቀለም ብቻ የሚሠራው ጥበብ፣ ትልቋ አጋር ሆነች። ቫዛሬሊና እሷ አብረው አደጉ ብል አላጋነንኩም።

ወዲያው ግን መንገዱን አላገኘም። ጥቂት ዓመታት ነገርን በጂኦሜትሪ ቅርጽ ሰባብረው የሚሥሉትን የኩቢስቶችን፣ ሕልም የሚመስል ነገር የሚሥሉትን የሱሪያሊስቶችን ዓይነት ሥዕል ሞከረ። በኋላ ይህን ዘመን ራሱ "የተሳሳቱ መንገዶች" ብሎ ሰይሞታል።

መንገዱን ያገኘው ሦስት ቦታዎች ላይ ነው።

አንዱ በብሪታኒ ጠረፍ ያለችው ቤል-ኢል ደሴት ናት። በ1947 የዕረፍት ጊዜውን እዚያ አሳለፈ። ባሕሩ አሽቶ ያለሰለሳቸውን ጠጠሮችና የመስታወት ስብርባሪዎች ሲያይ ዋለ። ጠጠሩ፣ ማዕበሉ፣ ደመናው፣ የፀሐይ መጥለቂያው ሁሉም አንድ ዓይነት ሞላላ ቅርጽ ውስጥ እንደሚገቡ ገባው። ከዚያ ወዲያ ቅርጽን ከተፈጥሮ መቅዳት ትቶ ተፈጥሮ የተሠራችበትን ቅርጽ መፈለግ ጀመረ።

ሁለተኛው ፓሪስ ያለው ዳንፌር-ሮሽሮ የሜትሮ ጣቢያ ነው። የጣቢያው ግድግዳ በነጭ ሸክላ ንጣፍ የተለበጠ ነበር። ሸክላው በዕድሜ ብዛት ፀጉር በሚያህሉ ስንጥቆች ተሸፍኗል። ባቡር ሲጠብቅ እነዚያን ስንጥቆች ያይ ነበር። ዓመታት ቆይተው "ዳንፌር" በሚለው ተከታታይ ሥራ ውስጥ ብቅ አሉ።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ጎርድ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ ፕሮቫንስ ተራራ ላይ የተሠራች የድንጋይ መንደር ናት። ቫዛሬሊ በ1948 አካባቢ ነው ያወቃት። የዚያ አገር ፀሐይ ርኅራኄ የለውም። ብርሃኑ የመታው ግድግዳ ይነጣል፣ ጥላው ድፍን ጥቁር ይሆናል። ከሩቅ ሲታይ አንድ ግድግዳ ወደ ውስጥ የገባ ይሁን ወደ ውጭ የወጣ መለየት ይከብዳል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሲያዩት መስኮቱ የሚያበራ አራት ማዕዘን ነው። ወጥተው ሲያዩት ያው መስኮት ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። አንድ ቅርጽ ሁለት ተቃራኒ ነገር መሆን ይችላል የሚለው ሐሳቡ ሥር የያዘው እዚህ ነው።

በ1955 ምን ሆነ?

"ለ ሙቭማን" ማለትም "እንቅስቃሴው" የሚል ዐውደ ርእይ በዴኒዝ ሬኔ ጋለሪ ተከፈተ። ዱሻን፣ ካልደር፣ ቲንግሊ፣ ሶቶ፣ አጋም፣ ፖል ቡሪ ነበሩበት። ብዙዎቹ በሞተር፣ በንፋስ ወይም በእጅ የሚንቀሳቀስ ነገር አመጡ። የቫዛሬሊ ሥራ ግን ራሱ አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሰው ተመልካቹ ነው። አንዳንዱን ሥራ በተራራቁ ሁለት ግልጽ ገጾች ላይ ነበር የሠራው። ተመልካቹ አንድ እርምጃ ሲራመድ መስመሮቹ እርስ በርስ ይጠላለፉና ሥዕሉ ይለወጣል። ለዝግጅቱ የጻፈው ጽሑፍ በቢጫ ወረቀት ስለታተመ "ቢጫው ማኒፌስቶ" ተብሎ ይታወቃል።

ጠፍጣፋ ሥዕል እንዴት የተነፋ ይመስላል?

የ"ቬጋ" ሥራዎቹን እንውሰድ። ቬጋ በሌሊት ሰማይ ላይ ከሚታዩት በጣም ደማቅ ከዋክብት አንዷ ናት። ቫዛሬሊ በ1957 በስሟ መሥራት ጀመረ። መነሻው ተራ የዳማ ገበታ ነው። ሳጥኖቹ እኩል ቢሆኑ ኖሮ ገበታው ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀር ነበር። እሱ ግን መሃል ያሉትን ያተልቃቸዋል። ወደ ዳር በሄደ ቁጥር ያጠባቸዋል፣ ያጣምማቸዋልም። ካሬው ሮምበስ (አራቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ የተጋደመ ቅርጽ) ይሆናል፣ ክቡ ሞላላ ይሆናል።

አንጎላችን ሳጥኖቹ የተለያየ መጠን አላቸው ብሎ አይቀበልም። ሁሉም እኩል እንደሆኑ አድርጎ ይወስድና ምክንያት ይፈልጋል። ትልቅ የሆነው ቅርብ ስለሆነ ነው። የጠበበው ደግሞ ገጹ ወደ ኋላ ስለዞረ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ኳስ እንደመታው የጎል መረብ ወደ እኛ ይወጠራል። ይህ የዓይን ድክመት አይደለም። በየቀኑ ርቀትን የምንለካበት ያው ችሎታ ነው። ቫዛሬሊ እውነተኛ ርቀት በሌለበት ቦታ አሠራው እንጂ።

ቀለም ሲጨምርበት ኃይሉ ይበረታል። መሃሉን አብርቶ ዳሩን ካጨለመው ብርሃን የወደቀበት ኳስ ይመስላል። አሜሪካ ቡፋሎ ከተማ ያለው የ1969ኙ "ቬጋ-ኖር" ወርዱም ቁመቱም ሁለት ሜትር ነው። ስልክ ላይ አይቶ "አየሁት" ማለት አይቻልም። በዚያ መጠን ፊቱ የቆመ ሰው ሥዕሉ ወደ እሱ ሲመጣ ይሰማዋል።

አንዳንዶቹ ላይ ግራጫ ነጥቦች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ኅትመቱ ተበላሽቶ ነው?

አይደለም። ነጥቦቹ ወረቀቱ ላይ የሉም። ጥቁር ካሬዎች በነጭ ፍርግርግ ሲለያዩ፣ ነጮቹ መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ግራጫ ጥላ ይታያል። ቀጥታ ስታዩት ይጠፋል። ጀርመናዊው ሉዲማር ኸርማን በ1870 የጻፈበት ክስተት ስለሆነ "የኸርማን ፍርግርግ" ይባላል። ቫዛሬሊ አዲስ አላገኘውም። "ሱፐርኖቫ" በሚለው ሥራው ግን እንደ ቀለም ተጠቀመበት። ማንም ያልቀባውን ቀለም ተመልካቹ ራሱ ያዋጣል።

በሥዕሎቹ ላይ ያሉት ኪዩቦችስ ለምን ይገለባበጣሉ?

አንድ ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ወስዳችሁ በሦስት ሮምበስ ከፍሉት። ወዲያው ሳጥን ይሆናል። ግን ከላይ የሚታይ ሳጥን ነው ወይስ ከውስጥ የሚታይ የክፍል ጥግ? ሁለቱም ልክ ናቸው። አንጎል ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ ስለማይችል ይቀያይራቸዋል። ስዊዘርላንዳዊው ሉዊ አልቤር ኔከር በ1832 ይህን የመሰለ የሚገለባበጥ ኪዩብ አስተውሎ ጽፎ ነበር። ቫዛሬሊ ደግሞ ኪዩቦቹን እርስ በርስ አያይዞ፣ የአንዱ ክዳን ለሌላው ግድግዳ እንዲሆን አድርጎ፣ መውጫ የሌለው ሕንጻ ሠራባቸው። የጎርድን ጥላዎች የሚያስታውስ እዚህም ያገኛቸዋል።

ሥዕሎቹ ዓይን ይጎዳሉ?

ዓይን አይጎዱም። ዓይናችን አንድ ነጥብ ላይ ስናተኩርም ሙሉ በሙሉ አይቆምም፣ በጣም በትንሹ ይንቀጠቀጣል። ተጠጋግተው የተሠመሩ ጥቁርና ነጭ መስመሮች የሚርገበገቡት ለዚህም ጭምር ነው። ሆኖም ማይግሬን ያለባቸውና ብርሃን የሚቀሰቅሰው የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎችን ደማቅ ሸንተረር ሊረብሻቸው ስለሚችል ረጅም ጊዜ አፍጥጠው ባያዩ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ያለ ኮምፒውተር እንዴት ሠራው?

በግራፍ ወረቀት፣ በእርሳስ፣ በኮምፓስና በጥሩ ሥርዓት። በ1950ዎቹ መጨረሻ "የቅርጽ ፊደል" ያለውን ዘዴ ፈጠረ፤ በ1959 ፓተንት አወጣበት። አንዱ "ፊደል" ማለት አንድ ባለ ቀለም ካሬና ውስጡ የተቀመጠ ሌላ ቀለም ያለው ቀላል ቅርጽ ነው። ክብ፣ ሞላላ፣ ሮምበስ፣ ትንሽ ካሬ፣ ወዘተ። የቅርጾቹም የቀለሞቹም ቁጥር የተወሰነ ነው። የሚጣመሩበት መንገድ ግን አያልቅም።

እያንዳንዱ ቅርጽና ቀለም መለያ ስለነበረው ቫዛሬሊ አንድን ሥዕል በወረቀት ላይ በኮድ መጻፍ ይችል ነበር። ያንን ወረቀት የያዘ ረዳት ሥዕሉን በፈለገው መጠን ይሠራዋል፣ የመጽሐፍ ገጽ በሚያህል ወይም ሕንጻ በሚሸፍን መጠን። ዛሬ ይህን የሚያነብ ፕሮግራመር ነገሩን ወዲያው ያውቀዋል። ቫዛሬሊ እዚህ ሐሳብ ላይ የደረሰው፣ ኮምፒውተር ገና ከዩኒቨርሲቲና ከትልልቅ ድርጅት ባልወጣበት ዘመን ነው።

ረዳቶች ከሠሩት የእሱ ሥራ ነው ማለት ይቻላል?

ይህ ጥያቄ ሕይወቱን ሙሉ ተከትሎታል። ከ1961 ጀምሮ ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው አኔ-ሱር-ማርን ነበር የሚሠራው። ረዳቶችም ነበሩት። እሱ አልደበቀውም፣ እንዲያውም ይሟገትለት ነበር።

ነገሩን ከተነሳበት ቦታ እንየው። ፖስተር ሠሪ አንድ ብቻ የሆነ ነገር አይሠራም። ሺህ ቅጂ ይታተማል፣ ሺህ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ቫዛሬሊ ይህን የሙያ ልማድ ወደ ጥበብ አመጣው። ሥዕል አንድ ሀብታም ቤት ገብቶ የሚዘጋበት ዕቃ መሆኑን አልወደደም። ሐሳቡ የሠዓሊው ነው፤ ቅጂው ግን ለሁሉም ሊደርስ ይገባል አለ። ስለዚህ ሥራዎቹን በስክሪን ፕሪንት (ቀለምን በወንፊት መሰል ጨርቅ አሳልፎ በማተም) በብዛት አሳተመ። ቁጥርና ፊርማ እያኖረ ሙሉ ሥዕል መግዛት ለማይችል ሰው አቀረበ። ከተሞችም በቀለም እንዲሠሩ ፈለገ፤ ግራጫ የኮንክሪት ሰፈር ሰውን ያሳምማል ብሎ ያምን ነበር።

የሠራውም በወረቀት ላይ ብቻ አይደለም። በ1954 ቬኔዝዌላ ካራካስ ውስጥ አርክቴክቱ ካርሎስ ራውል ቪያኑዌቫ ለሠራው ዩኒቨርሲቲ የግድግዳ ሥራዎች ሠርቷል። ፓሪስ ሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ ውስጥም መንገደኛ በየቀኑ የሚያልፍባቸው ሥራዎች አሉት።

እኔ በሐሳቡ እስማማለሁ። ግን ዋጋ አስከፍሎታል። በ1970ዎቹ ኅትመቱ ከመጠን በላይ በዛ። ሰው ሰለቸው። ደካማ ሥራዎችም ከጠንካሮቹ እኩል ገበያ ወጡ። ጥቁርና ነጩን የ1950ዎቹን ሥራ ብቻ ትቶልን ቢያልፍ ኖሮ ስሙ ዛሬ ከፍ ብሎ ይጠራ ነበር የሚሉ አሉ። እኔም በጥራት ረገድ ያ ዘመን ይበልጣል ባይ ነኝ። ይሁንና ብዙ ሰው ጋ መድረስን ከሥራው ቆርጦ ማውጣት አይቻልም። የመጣበት ምክንያት እሱ ነውና።

ኦፕ አርት የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው?

አይደለም። ስሙ በስፋት መታወቅ የጀመረው በ1964 መጨረሻ ታይም መጽሔት ላይ ከወጣ በኋላ ነው። በቀጣዩ ዓመት ኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም "መልስ የሚሰጥ ዓይን" ብሎ የሰየመውን ትልቅ ዐውደ ርእይ ከፈተ። ቫዛሬሊ፣ እንግሊዛዊቷ ብሪጅት ራይሊ፣ ጆሴፍ አልበርስና ሌሎች ብዙዎች ነበሩበት። ሕዝቡ ጎረፈ። ብዙ ሐያሲዎች ግን ፊታቸውን አጠቆሩ፣ "የዓይን ጨዋታ ነው" አሉ። ልብስ ሰፊዎች ደግሞ አልቆዩም፤ ሸንተረሩን ቀሚስ ላይ አወጡት። ራይሊ ሥዕሏ ሳትጠየቅ ልብስ ላይ መታተሙ በጣም አናዷት ነበር። ቫዛሬሊ በየዕለቱ ዕቃ ላይ መታየቱን ይህን ያህል የሚጠላ ሰው አልነበረም።

በዚያው በ1965 በብራዚል በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደውን የሳኦ ፓውሎ ቢየናሌ ዐውደ ርእይ ትልቅ ሽልማት ከጣሊያናዊው አልቤርቶ ቡሪ ጋር ተጋርቷል።

የሬኖ መኪና አርማ የእሱ ነው?

የአንድ ዘመኑ አዎ። ሬኖ ሮምበሱን ከ1920ዎቹ ጀምሮ ይጠቀምበት ነበር። በ1972 ቫዛሬሊ ከልጁ ከዣን-ፒየር ጋር ሆኖ አደሰው። ትይዩ መስመሮች ታጥፈው፣ ማለቂያ የሌለው ጥምዝ ሆኖ የሚታየው አርማ ነው። እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ አገልግሏል። የዚያ ዘመን ሬኖ መኪና ብታገኙ አፍንጫው ላይ ያለውን አርማ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። የትኛው መስመር ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሚያልፍ ተከተሉት። ልጁ ኢቫራል በሚል ስም የሚታወቅ ራሱን የቻለ አርቲስት ነበር።

ከትውልድ አገሩ ጋር ተቆራርጦ ነበር?

ለረጅም ጊዜ ርቆ ነበር፣ አልተቆራረጠም። ሃንጋሪ በሶሻሊስት መንግሥት ሥር ሳለች አብስትራክት ጥበብ እምብዛም አይወደድም ነበር። ያም ሆኖ በ1969 ቡዳፔስት በሚገኘው ትልቁ የዐውደ ርእይ አዳራሽ ሥራዎቹ ቀረቡ። ከዚያ ለአገሩ ብዙ ሥራ በስጦታ ሰጠ። በ1976 የተወለደባት ፔች ውስጥ፣ በ1987 ደግሞ ቡዳፔስት ኦቡዳ ሰፈር በስሙ ሙዚየም ተከፈተ።

በፈረንሳይ ያቋቋመው ፋውንዴሽን ምን ሆነ?

ኤክስ-አን-ፕሮቫንስ ከተማ፣ የሠዓሊው ሴዛን ቤተሰብ ቤት ከነበረበት አካባቢ፣ በ1976 ተከፈተ። ሕንጻውን ራሱ ነው ያሰበው። ባለ ስድስት ጎን ክፍሎች እንደ ኪዩቦቹ ተያይዘው የቆሙበት ነው። ከውጭ ግድግዳው ላይ ጥቁር ክብ በነጭ ካሬ፣ ነጭ ክብ በጥቁር ካሬ እየተፈራረቀ ይታያል። ውስጡ ደግሞ ለዚያው ቦታ የተሠሩ 44 ግዙፍ ሥራዎች አሉ።

ከዚያ የመጣው ዘመን ያሳዝናል። የፋውንዴሽኑ የቀድሞ ፕሬዚዳንት በንብረቱ አያያዝ ተከስሶ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው። በቤተሰቡ መካከልም በሥራዎቹ ጉዳይ ረጅም ክርክር ተነሳ። ጎርድ ቤተ መንግሥት ውስጥ በ1970 የከፈተው ሌላው ሙዚየም በ1996 ተዘጋ። የኤክሱ ሕንጻም ጣሪያው እስኪያፈስ ተጎዳ። በኋላ በታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግቦ እድሳት ተጀመረለት። በ2019 ፓሪስ የፖምፒዱ ማዕከል ትልቅ ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጅለት አዲሱ ትውልድ እንደገና አገኘው።

የቫዛሬሊ ኅትመት ልግዛ? ምን ልጠንቀቅ?

ኅትመቶቹ ብዙ ስለሆኑ ከሥዕሎቹ ጋር የማይወዳደር ዋጋ ነው ያላቸው። ብዛታቸው ግን ለአስመሳይም ተመችቷል። ፊርማ ብቻ አይታችሁ አትመኑ። በእርሳስ የተጻፈው የቅጂ ቁጥር አለ ወይ? ለምሳሌ 45/250 ማለት ከ250 ቅጂ 45ኛው ማለት ነው። ማን አሳተመው? ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈ? ሻጩ ይህን በወረቀት ማሳየት ካልቻለ ተዉት። ከመጽሐፍ ወይም ከፖስተር ተቆርጦ በፍሬም የገባ ገጽ "ኦሪጅናል" እየተባለ ሲሸጥ በበይነ መረብ ማየት አዲስ አይደለም።

ዘዴውን ራሴ መሞከር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ከጥቁርና ነጭ። ቀለም በኋላ ይደርሳል።

ባዶ ወረቀት ላይ ትልቅ ካሬ ሥሩ። ከላይ ወደ ታች መስመሮች አስምሩበት። ርቀታቸው ግን እኩል አይሁን። ዳር ላይ ጠባብ፣ ወደ መሃል እየሰፋ፣ ከዚያ እንደገና እየጠበበ ይሂድ። በአግድምም እንደዚያው አስምሩ። አሁን ሳጥኖቹን እንደ ዳማ ገበታ አንዱን አጥቁሩ፣ አንዱን ተዉ። በቀጥታ መስመር ብቻ እንኳ ወረቀቱ መሃሉ ላይ ማበጥ ይጀምራል።

ያ ከሆነ በኋላ ካሬው መሃል ክብ ሥሩና፣ ክቡ ውስጥ ያሉትን መስመሮች ከመሃሉ ወደ ውጭ ጎበጥ አድርጋችሁ ድገሙት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥምዙን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት በማድረግ ነው። ጥምዙ ክቡ ውስጥ ብቻ ይሁን። ከክቡ ውጭ ያለው ፍርግርግ ቀጥ ብሎ፣ እኩል ሆኖ ይቅር። ኳሱ የሚወጣው ጠፍጣፋ ሆኖ ከሚቀረው መደብ ላይ ነውና፣ መደቡም አብሮ ከተጣመመ ዓይን የሚነጻጸርበት ነገር ያጣል። ሲያልቅ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ሦስት አራት እርምጃ ራቁና አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እዩት። በሁለት ዓይን ስናይ ወረቀቱ ጠፍጣፋ መሆኑን ማወቅ ይቀለናል። በአንዱ ሲሆን እብጠቱ ይበረታል።